የሰነዱ ሜትር ኩብና የሲኖው ሜትር ኩብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ ዋጋ ነው። አንዱ ጨረታ አሸንፎ ከስሯል። አንዷ ጨረታ ልትሞላ ተቀምጣ ቁጥሩ አልገጥም ብሏታል። አንዱ ደግሞ ባሕር ማዶ ሆኖ ቤት ሊያሠራ ሲል "በካሬ ይህን ያህል" ተብሎ ግራ ገብቶታል።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላስተካክል። ብዙዎቻችሁ "ኢንጂነር" እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። አክብሮቱን ወድጄዋለሁ፤ ግን ኢንጂነር አይደለሁም። ኳንቲቲ ሰርቬየር ነኝ። ሥዕል ዘርግቼ እለካለሁ፣ ከዚያ ገበያ ወጥቼ እጠይቃለሁ። ሃያ ዓመት ያለፈኝ በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። የደረጃ 6 ሕንፃ ተቋራጭ ነኝ፤ የምሠራው ቡታጅራና አካባቢዋ ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍሎች ግንባታ ጨረታ አሸነፍኩ። ዋጋውን የሞላሁት የቀድሞ ሥራዬን ነጠላ ዋጋዎች ወስጄ፣ የቁሳቁሱን አድሼ፣ በላዩ ከመቶ 15 ጨምሬ ነው። ከሁለተኛው ተጫራች ጋር የነበረኝ ልዩነት ሰፊ ነበር፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራው ገና ከመሬት ሳይነሣ ኪሳራው ጀመረ። ቁፋሮና ሙሌት ላይ ያወጣሁት ከተከፈለኝ በለጠ። የባለቤቱ ሰርቬየር የሰረቀኝ መስሎኝ ድጋሚ አስለካሁ፤ ልኩ ትክክል ነው። ታዲያ የት ነው የተበላሁት? የጨረታ ሰነዱን ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ት.ወ.፣ ከቡታጅራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰርቬየሩ አልሰረቀዎትም። በሰነዱ ሜትር ኩብ ሸጠው በሲኖው ሜትር ኩብ ገዝተዋል። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው።

ሰነዱ ላይ ያለው ቁፋሮ መሬቱ እንደተኛ የተለካ ነው። ርዝመት በወርድ በጥልቀት፣ አለቀ። ዶማ ሲያርፍበት ግን አፈር ያብጣል። የእርስዎ ሳይት ደግሞ ዋልካ ነው፤ ከመቶ 30 ገደማ ይጨምራል። ሰነድዎ ላይ 200 ሜትር ኩብ ቁፋሮ አለ። እርስዎ አንድ ሲኖ የሚጭነው 16 ሜትር ኩብ ነው ብለው 200ን ለ16 አካፍለው 13 ቢያጆ (ምልልስ) ያዙ። መኪና ላይ የሚወጣው ግን 260 ነው። ይህ 17 ቢያጆ ነው። አራቱን ከኪስዎ ከፍለዋል።

ሙሌቱ ደግሞ በተቃራኒው ይበላል። የሚከፈልዎት ተጠቅጥቆ ከረጋ በኋላ ለሚለካው 150 ሜትር ኩብ ነው። ለሙሌት የሚመረጠው አፈር፣ ሰሌክት ማቴሪያሉ፣ ከሚቆፈርበት ካባ ሲመጣ ልቅ ነው። ውሃ ጠጥቶ ኮምፓክተር ሲሄድበት ይሰበሰባል። 150 እንዲተኛ 195 ገደማ መግዛት አለብዎት። 13 ቢያጆ ማለት ነው፤ እርስዎ የያዙት 10 ነው። ሲቆፈር ያብጣል፣ ሲሞላ ያንሳል፤ በሁለቱም ጊዜ ከፋዩ ተቋራጩ ነው። ባለቤቱ ከሥዕሉ ላይ ካለው ጉድጓድ ሌላ አያውቅም፤ እንዲያውቅም ውሉ አያስገድደውም።

በዚህ ላይ የቀድሞው ሳይትዎ ቀይ አፈር ላይ ነበር። ካባው 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። የአሁኑ 19 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ራስዎ ነዎት የጻፉልኝ፤ ግን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ ሰላምታው አጠገብ። እኔ ብሆን የመጀመሪያው መስመር ላይ እጽፈው ነበር። ሲሚንቶውን በአዲስ ዋጋ አድሰዋል፣ መንገዱን ግን አላደሱም።

ይህን የምለው ብልጥ ሆኜ አይደለም። ተቃጥዬ ነው።

በ2001 ዓ.ም. አንድ አነስተኛ ተቋራጭ ዘንድ እሠራ ነበር። ጨረታው ሊዘጋ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው መብራት ጠፋ። በጄኔሬተር ድምፅ መሀል ነጠላ ዋጋ እሞላለሁ። የድንጋይ ግንብ ሜትር ኩቡን 620 ብር ማለት ሲገባኝ 62 ጻፍኩ። በፊደልም "ስልሳ ሁለት ብር" አልኩ። ድምሩም በ62 ተባዝቶ ገባ።

በጨረታ ደንብ ቁጥርና ፊደል ሲጣሉ የሚጸናው ፊደሉ ነው። ነጠላ ዋጋና ድምር ሲጣሉ የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው። የእኔ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ተስማምቷል። ተስማምቶ የተሳሳተን ማን ያርመዋል? ግንቡ 180 ሜትር ኩብ ነበር። በአንዲት ዜሮ ከ100,000 ብር በላይ ሄደ። በጊዜው የአራት ዓመት ደመወዜ ነበር። ዋጋው በአዳራሹ ሲነበብ ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ለምን እንደሳቀ የገባኝ ቢሮ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

አለቃዬ አልጮኸም። ደመወዜንም አልቆረጠም። "ነገ ጠዋት ሳይት ትወጫለሽ፤ ግንቡ እስኪያልቅ ድንጋይ ትቆጥሪያለሽ" አለኝ። ሰባት ሳምንት ቆጠርኩ።

ያኔ ያየሁትን ከዚያ በፊት በየትኛውም ክፍል አላየሁም። የድንጋይ ሾፌሮች ትልልቁን ከዳር ያቆሙታል። ከላይ ሲያዩት መኪናው ጢም ብሏል። መሀሉ ግን ባዶ ነው። በላዩ ግንበኛው ሲጠርበው የሚወድቅ ፍርካሽ አለ። 16 ተብሎ የገባው መኪና ግንብ ላይ 12 ከሰጠ እሰየው ነበር። አንድ ግንበኛ ከሁለት ረዳት ጋር በቀን የሚያወጣውን በሜትር ኩብ ሰማያዊ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሰኞ 2.3። ማክሰኞ 2.6። ረቡዕ 0.9፤ ዝናብ። ሐሙስ ዜሮ፤ ሲሚንቶ አልደረሰም፣ ሁሉም ጥላ ሥር ተቀምጦ ዋለ። የሐሙስ የቀን ሒሳብ ግን ቅዳሜ ተከፈለ። በቢሮ ስሌት ግንበኛ በየቀኑ 2.5 ይገነባል። በደብተሬ የሳምንቱ አማካይ 2 እንኳን አልሞላም። ደብተሩ አሁንም አለኝ። ጀርባው ተቀዶ በፕላስተር ታስሯል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ጨረታ ሲሞሉ እያንዳንዱን ትልቅ ሥራ ከታች ጀምረው ይገንቡት። ቁሳቁስ፣ እጅ፣ መሣሪያ። ሰነዱ 140 መስመር ቢኖረውም ብዙው ገንዘብ ያለው አሥራ አምስት በማይሞሉ መስመሮች ላይ ነው። አርማታ፣ ብረት፣ ብሎኬት፣ ልስን፣ ጣራ፣ ቁፋሮና ሙሌት። ለእነሱ አንድ ሌሊት ይስጡ። ለበር እጀታው ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

አርማታን እንይ። ሲ-25 የሚባለው የአርማታ ደረጃ በእኛ አገር ስፔስፊኬሽን ብዙ ጊዜ ለአንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይጠይቃል። ሰባት ከረጢትና ትንሽ ማለት ነው። 1 ለ2 ለ3 ሲቀላቀል ግማሽ ሜትር ኩብ አሸዋና ሦስት ሩብ ገደማ ጠጠር ይገባበታል። ሲሚንቶውም ቦታ ይይዛል። ሦስቱ ሲደመሩ ደረቁ አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ይሆናል። ውሃ ሲገባበት ነው አንዱ በሌላው መሀል ገብቶ አንድ ሜትር ኩብ የሚወጣው። አሸዋና ጠጠሩን በልቅ መጠኑ ሳይሆን ተደምሮ አንድ እንዲመጣ አድርጎ ዋጋ ያወጣ ሰው አውቃለሁ። ሶሌታው (የወለሉ አርማታ) ሳይሞላ ጠጠር አለቀበት።

ሳይት ላይ ደግሞ ሳጥኑን ይዩ። 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይይዛል። ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ቀን ሠራተኛው ከአፉ በላይ ክምር አድርጎ ሲሞላው ማን ያየዋል? የእርስዎ ስሌት እኮ በእንጨት ጠርዙ ልክ ነው።

ቀጥሎ ከመቶ 15። ከየት መጣ ብዬ ብጠይቅዎት "ሁሉም የሚጨምረው ነው" ይሉኛል። ለስሌት እንዲመች ቀጥታ ወጪዎ 8 ሚሊዮን ብር፣ ጊዜው 8 ወር ይሁን። የሳይት መሐንዲስ፣ ፎርማን፣ ስቶር ኪፐር፣ ሁለት ጥበቃ፣ ነዳጅ፣ የመጋዘን ኪራይ። በወር 95,000 ብር ብንል በ8 ወር 760,000 ነው። የባንክ ዋስትና ኮሚሽን፣ ኢንሹራንስ፣ ማሽን ማጓጓዝና መመለስ 200,000 ይሁን። ድምሩ 960,000። የ8 ሚሊዮን 12 ከመቶ ነው። ከ15ቱ 3 ቀረዎት። ያቺ ሦስት ትርፍ ናት፣ የዋና ቢሮ ኪራይ ናት፣ ክረምት ናት። ለብዙ ነገር ታጭታለች።

ጨዋታውን ካነሣነው፣ ከመቶ 20 የጨመረ ሰው ከሸጠው ላይ 20 አያተርፍም። መቶውን በ120 ሸጧል፤ 20 ለ120 ሲካፈል 16.7 ነው። ቅናሽ ሲጠየቁ ይህን አይርሱ።

የገንዘቡንም ጉዞ ያስቡ። የክፍያ ሰርተፊኬት ተዘጋጅቶ፣ ተፈርሞ፣ ክፍያው እስኪደርስ ብሎኬቱን የሚገዙት በማን ገንዘብ ነው? ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ መያዣ ይቀነሳል። ቅድሚያ ክፍያውም ተመልሶ የሚቆረጥ ብድር ነው። አሸዋ ደግሞ ያለ ደረሰኝ ከገዙ ግብር ላይ ወጪው አይያዝልዎትም፤ ያላተረፉትን ትርፍ ይገብሩበታል። ሰነዱን ከማስገባትዎ በፊት ዋጋው ከቫት በፊት ነው ወይስ ከቫት ጋር የሚለውን መስመር ጮክ ብለው ያንብቡ። የ15 ከመቶ ስሕተት ከዚያች መስመር ይመጣል።

ሳይት ሲጎበኙ መሬቱን ብቻ አይዩ። ውሃ ከየት ነው? መብራት አለ? ሲኖ ሐምሌ ላይ ይገባል? ከሁሉም በላይ ሰፈሩ ውስጥ ጫኝና አውራጆች እነማን ናቸው? አንድ ሲኖ ሲሚንቶ ለማራገፍ ስንት እንደሚጠይቁ ካሁኑ ይጠይቋቸው። እኔ ብሔድ ቡናም እጋብዛቸዋለሁ። ሥራ ከጀመሩ በኋላ ሲጠይቋቸው ዋጋው ሌላ ነው።

ዋጋ ጊዜም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሰኔ ላይ ዋጋ አስገብተው መስከረም ላይ ውል የፈረሙ ሰዎች ስልክ ደውለውልኛል። ሴራሚክ፣ ገመድ፣ የመጸዳጃ ዕቃ፣ ሁሉም ከውጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀን የሌለበት ፕሮፎርማ አልቀበልም። ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና አጽፉ። የጨረታው ዋጋ ጸንቶ የሚቆይበትን ጊዜ ከጎኑ ያስቀምጡ። ፕሮፎርማው 10 ቀን፣ ጨረታው 90 ቀን ከሆነ 80ው ቀን የእርስዎ ቁማር ነው። ውሉ የዋጋ ማስተካከያ ይፈቅድ እንደሆነም ልዩ የውል ሁኔታዎች ውስጥ ይፈልጉ። ከሌለ ቁማሩን ዋጋ ያውጡለት። ያን ጊዜ አንደኛ ላይሆኑ ይችላሉ። አሁን አንደኛ ሆነው የደረሰብዎትን አይተዋል።

ጥያቄ፦ እንደምን አለሽ እትዬ። በቅርቡ የተመረቅኩ ኳንቲቲ ሰርቬየር ነኝ፤ ሐዋሳ ነው የምሠራው። የአንድ ጂ+3 ሕንፃን ቴክ ኦፍ (ከሥዕል ላይ መጠን መለካት) ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሠራሁ። የአንደኛው ወለል የቢምና የሶሌታ አርማታ አማካሪው ካወጣው በ4 ሜትር ኩብ ተኩል ይበልጣል። ብሎኬቱ ደግሞ የእኔ ያንሳል። አለቃዬ "በራስሽ ቁጥር ሙዪው" ይለኛል። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስቴም ያው ነው። ሥዕሉንና ሺቱን ልኬልሻለሁ። ሰ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት መሥራት ይቻላል፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። 4 ተኩሏን አግኝቻታለሁ። ቢምሽ 25 በ40 ነው፣ ሶሌታሽ 15 ሴንቲ። ሶሌታውን ከዳር እስከ ዳር ለካሽው። ጥሩ። ከዚያ ቢሙን ሙሉ 40 ጥልቀት ሰጠሽው። ከ40ው ግን 15ቱ ሶሌታው ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ 120 ሜትር ቢም አለሽ። 120 በ0.25 በ0.15 ስታባዢው 4.5 ይመጣል። ቢሙን ከሶሌታው ሥር ባለው 25 ሴንቲ ለኪው፣ ከአማካሪው ጋር ትታረቂያለሽ።

ብሎኬቱ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን አድርገሻል። ሺትሽ 31ኛ መስመር ላይ የበሮቹን ወርድ ከግንቡ ርዝመት ቀንሰሻል። 47ኛ መስመር ላይ የእነዚያኑ በሮች ስፋት እንደገና ቀንሰሻል። አንድ በር ሁለት ጊዜ አይከፈትም። ለወደፊቱ ሥዕሉን አትሚና የለካሽውን በቀለም እርሳስ ቀቢው። ቢም ቀይ፣ ሶሌታ ቢጫ። ሁለት ቀለም ያረፈበት ቦታ ሁለቴ ተለክቷል። ነጭ የቀረ ተረስቷል። ኮምፒዩተር ይህን አያደርግም ወይ ትይኝ ይሆናል። ያደርጋል፤ እርሳሱ ግን መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

አሁን ወደ አለቃሽ። በራስሽ ቁጥር እንዳትሞዪው። የሰነዱን መጠን መቀየር ከጨረታ ሊያስወጣችሁ ይችላል፤ ሁሉም ተጫራች በአንድ መጠን ነው የሚወዳደረው። ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ የማብራሪያ ጥያቄ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ውሉን እዩ። ሥራው እየተለካ የሚከፈል ከሆነ የሚከፈላችሁ ሳይት ላይ ለወጣው መጠን ነው፤ የሰነዱ ቁጥር ግምት ነው። በጥቅል ዋጋ ከሆነ ግን የጎደለው ሁሉ በእናንተ ላይ ነው። ያኔ የአንቺ ቴክ ኦፍ ነው አለቃሽን የሚያድነው። መጠኑ እንደሚጨምር የታወቀውን መስመር ዋጋ አሳብጦ ሌላውን ማቅጠን የሚሉት ብልጠት አለ። አላስተምርሽም። ጥሩ ገምጋሚ ያየዋል፣ መጥፎ ገምጋሚ ደግሞ ሳያየው ቀርቶ መጠኑ ይገለበጥባችኋል።

ባዶ መስመርም እንዳትተዪ። ዋጋ ያልተሞላበት ሥራ ሌላው ዋጋ ውስጥ እንደተካተተ ይቆጠራል፤ ሠርታችሁ ገንዘብ አትጠይቁም።

ብረቱን ሳየው አንድ ነገር አስፈራኝ። ባለ 12 ሚሊ ብረት በሜትር 0.888 ኪሎ ብለሽ ኪሎውን በትክክል አውጥተሻል። ገበያ ላይ ግን ብረት በቤርጋ ነው፤ 12 ሜትር፣ 10.66 ኪሎ። አንድ ቢምሽ 5.20 የሆነ ብረት ይፈልጋል። ከአንድ ቤርጋ ሁለት ይወጣል፣ 1.60 ይተርፋል። 13 ከመቶ ማለት ነው። አንቺ ለብክነት የያዝሽው 5 ነው። ያቺን 1.60 የሚወስዳት ቆራሌው ነው፣ ያውም በራሱ ዋጋ። ብረት ቆራጩን፣ ፌራዮውን፣ ጠጋ ብለሽ "ይህን እንዴት ትቆርጠዋለህ?" በይው። 5.20 ከ6.80 ጋር ተቆርጦ የሚገጥምበት ሌላ ቢም ካለ በአንድ አፍታ ይነግርሻል። ለብሎኬት እንኳ በካሬ 12 ተኩል ይበቃል፤ ከስብራቱ ጋር 13 ያዢ። መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ 13ም አይበቃሽም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጂ+1 ቤት ላሠራ ነው። አንዱ ተቋራጭ በካሬ 38,000 ብር አለኝ። ሌላው 41,000። ሦስተኛው ዘመድ ነው፣ "ለአንተ እንነጋገራለን" ይላል። ወንድሜ "የ38ቱን ያዘው" ይለኛል። ትክክለኛው የካሬ ዋጋ ስንት ነው? ቦታው ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌላ ችግር የለበትም። አ.መ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ዘመዱን ለጊዜው እንተወው። "እንነጋገራለን" ዋጋ አይደለም።

ስለ ሁለቱ ልጠይቅዎት። ካሬው የምን ካሬ ነው? ሁለቱንም ማቅረቢያ ልከውልኛልና ቆጠርኩት። ባለ 41,000ው ወለሎቹን ብቻ ይዞ 280 ካሬ ብሏል። ባለ 38,000ው በረንዳውን፣ የውጭ ደረጃውንና የመኪና ማቆሚያውን ሼድ ጨምሮ 312 አድርሶታል። ሲባዛ የባለ 41,000ው 11,480,000 ነው። የባለ 38,000ው 11,856,000። ርካሹ በ376,000 ብር ተወድዷል። ሼዱና በረንዳው በባለ 41,000ው ውስጥ አለ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የለም። ስለዚህ የትኛው እንደሚረክስ እኔም ከዚህ ወረቀት ልነግርዎት አልችልም። ሁለቱም ስለ ተለያየ ቤት ነው የሚያወሩት።

አጥር በየትኛውም አልተጻፈም። ሴፕቲክ ታንክ የለም። ሮቶውና ማቆሚያው የለም። ውሃና መብራት ከዋናው መስመር እስከ ቤቱ የሚያመጣው የለም። "ፊኒሺንግ ጥራት ያለው" ይላል፤ ጥራት የሚባል ሴራሚክ ሱቅ ውስጥ አላየሁም። ስም፣ መጠንና አገር ያለው ሴራሚክ ነው የሚሸጠው።

ሥዕሉን ለአንድ ገለልተኛ ኳንቲቲ ሰርቬየር ይስጡ። ከፍለው የሥራ ዝርዝር ያሠሩ፤ ምን ሥራ፣ ስንት ሜትር፣ በምን ዓይነት ቁስ። ዋጋው ባዶ ሆኖ ያንኑ ወረቀት ለሁለቱም ይላኩ፤ ለዘመዱም። ያን ጊዜ አርማታን ከአርማታ፣ ቀለምን ከቀለም ያወዳድራሉ። ክፍያውንም ከሥራው ደረጃ ጋር ያያይዙት፤ መሠረት ሲያልቅ፣ ሶሌታ ሲሞላ፣ ጣራ ሲመታ። እያንዳንዱን ሰርቬየሩ ለክቶ ይፈርም። ወንድምዎ ቪዲዮ ይልክልዎታል፣ ብሎኬት ሲቆለልም ያያሉ። ቪዲዮ ግን አይቆጥርም።

አንድ ጉዳይ ቀረ። ደብዳቤዎ ላይ ቦታው "ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል" ብለዋል፤ "ሌላ ችግር የለበትም" ብለውም አልፈውታል። መሬት ሲወርድ የድንጋይ ግንብ ይጠይቃል፣ ሙሌት ይጠይቃል፣ አፈር የሚደግፍ ግድግዳ (ሪቴይኒንግ ዎል) ይጠይቃል። አንዱም በካሬ አይቆጠርም። ድንጋዩን ደግሞ ከላይ እንደነገርኳችሁ አውቀዋለሁ። ያቺ "ትንሽ" ስንት ሜትር እንደሆነች በመሣሪያ አስለክተው ይላኩልኝ። ከሁሉ በፊት ዋጋ የማወጣው ለእሷ ነው።